በወይራ የታጠነው እራፊ

እህቴ፣ ምግብ ቀርቦልሽ ከሆነ ይቺን ወረቀት አስቀምጪና መጀመሪያ ብዪ። የማወራሽ ነገር ከእህል ጋር አይሄድም። ሰው ሁሉ አፉን ይዞት ነው እንጂ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። በልተሽ ከጨረስሽ፣ እጅሽንም ከታጠብሽ፣ እንግዲህ ስሚኝ።

ጣሊያን ከመግባቱ ሁለት ሦስት ዓመት በፊት ነው። ሶዶ ላይ ወይዘሮ ፀዳለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሸዋ ከመጡት ሹማምንት ወገን ነበሩ፣ ሞተዋል። ልጃቸው ሐብተማርያም ከጉኑኖ በኩል አሳየሽን አገባ። አሳየሽ የዳልጮ ልጅ ናት። ዳልጮ ወላይታ ነው፣ ክርስትና የተነሳ፣ እንሰቱም ከብቱም የሞላለት ሰው። ወይዘሮ ፀዳለ ግን «እህ፣ እንግዲህ ከአገሬው ተጋባን» ብለው ለምራታቸው ፊታቸውን አልፈቱላትም። ልብሳቸው እንደ ወተት የነጣ፣ ጠጃቸው ከተማው የሚያወራለት፣ ጣታቸው ላይ አመድ ቢያርፍ የሚታጠቡ ሴት ነበሩ። አሳየሽ እንስራ ስታጥብ ከኋላዋ መጥተው በጣታቸው ይዳብሱት ነበር።

ታዲያ ያ ቤት ይሸት ጀመር።

መጀመሪያ ሐብተማርያም ነው ያነሳው። ከውጭ ይገባና በሩ ላይ ይቆማል፤ «ይሄ ቤት ምንድን ነው የሚሸተው? ድመቷ ናት አይደል?» ይላል። «ድመቷ ናት!» ይላሉ እናቱ ቶሎ ብለው። ምስኪን ድመት በዱላ ተባረረች። ሽታው ግን አልተባረረም። ጠዋት ሲነሱ አለ፣ ሲበሉ አለ። ዓይን የሚቆጠቁጥ፣ ከጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ፣ የቆየ የበረት ሽታ ነው።

አሳየሽ አንድ ቀን አማቷ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መጥረጊያዋን ይዛ ጓዳቸው ገባች። ሽታውን እየተከተለች ከአልጋቸው ሥር አንድ ትልቅ ማሰሮ አገኘች። በሸክላ ክዳን ተከድኗል፣ ዳሩ በጭቃ ተለስኗል። ጭቃውን ፈቀፈቀችና ከፈተችው።

አይ እህቴ! ዝንቡ ነው መጀመሪያ ፊቷ ላይ የወጣው። ውስጡ የተጠቀጠቀ ጨርቅ ነው፣ የአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ፣ ቢጫ፣ አንዳንዱ ቡናማ፣ በራሱ ውሃ የሚዋኝ። ከላይ ያለው ትል ይዟል። አሳየሽ ክዳኑን ጣለችና ወደ ጓሮ ሮጣ የበላችውን ሁሉ እንሰቱ ሥር አወጣችው። አውጥታ ስትጨርስ አፏን በቅጠል ጠረገች፤ እጇን ሦስቴ አራቴ ታጠበች፣ አሁንም አሸተተችው፣ አሁንም ታጠበች።

ዞር ስትል ወይዘሮ ፀዳለ ቆመዋል። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነው። የጓዳቸው በር ተከፍቶ፣ ማሰሮው አፉን ከፍቶ አይተዋል።

አልተቆጡም። ቁጭ አሉ፣ እዚያው ጭቃው ላይ፣ በነጭ ቀሚሳቸው። «አይይዝልኝም» አሉ። «ከመጨረሻው ልጄ ወዲህ እንዲሁ ነው፣ አሁን ግን ባሰ። ስስል ያመልጠኛል። ስስቅ ያመልጠኛል። እንዴት ብዬ ለሰው ልስጥ ይታጠብልኝ ብዬ? ማታ እቀብረዋለሁ እያልኩ…»

«እሜቴ፣ ቤተ ክርስቲያንስ እንዴት ይሆናሉ?»

«ውጭ ነኝ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ዛፉ ሥር። ሰው እግሬን ያመመኝ ይመስለዋል። ከሰው ጋር የምቀመጠው የእመቤታችን ማኅበር ብቻ ቀርቶኛል፣ እሱም ሲበዛ እስከ ጽዋው ነው። ይሄ ከተሰማ ደግሞ እሱም ይቀራል። ያን ጊዜ በሕይወት ቅበሩኝ።» ቀና ብለው አዩዋት። «በእመብርሃን ማይልኝ። ለባልሽም ቢሆን።»

አሳየሽ ማለች። አፏ ገና እየመረራት ማለች።

በነጋታው እናቷ ዘንድ ሄደች፣ ስም ሳትጠራ ጠየቀች። እናቷ የአገሩን ዘዴ ነገረቻት። የእንሰት ቅጠል እሳት ላይ ለብ ሲል እንደ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ውሃም አያሳልፍም። አሳየሽ ከአሮጌ ጋቢ ወገብ ላይ የሚታሰርና በእግር መሀል የሚያልፍ መታጠቂያ ሰፋች፣ እንደ ሱሪ አጭር ነገር። ከውስጡ የእንሰቱን ቅጠል አነጠፈች። ከቅጠሉ ላይ ከነጠላ የተቆረጠ ሰፊ እራፊ፣ አራት አምስት ዕጥፍ ሆኖ ይገባል፣ ሽንቱን የሚጠጣው እሱ ነው። ሲርስ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። ቅጠሉ ይጣላል፣ እራፊው ይታጠባል።

ወይዘሮ ፀዳለ መጀመሪያ ቀን ሲታጠቁት በግድግዳው ተደግፈው ሳቁ። «በስተርጅናዬ እንደ በቅሎ ተጫንኩ!» አሉ። ሳቁና ወዲያው ዝም አሉ፤ ጆሯቸውን ወደ ታች የሰጡ ይመስል። ከዚያ ፊታቸው በራ። ወለሉ ደረቅ ነበር።

ለእሳቸው ተሻለ። ለአሳየሽ ግን ገና ተጀመረ። ሌላ ሴት ሳትወርድ በፊት ወንዝ መውረድ አለባት። እንዶዱን ትወቅጥና እራፊውን በውሃ ስትከተው ወንዙ እንደ ጌሾ ይደፈርሳል። ሙልጭልጭ ይላል ጨርቁ፣ እንደ ዓሣ ቆዳ። እንዶዱ አረፋ ሲያወጣ አረፋው ራሱ ቢጫ ነው። አሳየሽ አፏን በነጠላዋ አስራ ታጥባለች፤ ግን በአፍንጫ ባይገባ በዓይን ይገባል። ሁልጊዜ ያቅለሸልሻታል። «ትለምጂዋለሽ» አሏት አማቷ። አልለመደችውም። ፀጉሯ ውስጥ የገባ ይመስላታል፣ ባሏ ሲጠጋት ትሸሻለች። ልጆቿን ስታጥብ ኖራለች፣ የልጅ ሽንት ምንም አይደል፤ የትልቅ ሰው ሽንት ግን ሌላ ነው እህቴ፣ ሌላ ነው።

ከደረቀም በኋላ ወይዘሮ ፀዳለ አይበቃቸውም። «አጥኝልኝ» ይላሉ። በወይራ ነው የሚታጠነው፣ ልክ እንደ ጠጅ ጋን፣ እንደ ወተት ቅል። እራፊው ሁሉ በጭስ ታጥኖ፣ ተጣጥፎ፣ አልጋቸው ራስጌ ይደረደራል። ይህን ልብ በይ፤ እኛ ዘንድ በወይራ የታጠነ ነገር የአፍ ነገር ነው፣ የሚበላ የሚጠጣ የሚነካው ዕቃ።

ሐምሌ ገባ። የዳሞታ ተራራ በደመና ተሸፍኖ ሰንብቶ አልገለጥ አለ፤ ዝናቡ አያባራም። ጨርቅ አይደርቅም። አሳየሽ በእሳት ዙሪያ ብትሰቅለው ሐብተማርያም «ምን ጉድ ነው የምትቀቅሉት?» አለ። የማኅበሩ ተራ ደግሞ የወይዘሮ ፀዳለ ሆነ። ከደረቁት አንዲት እራፊ ብቻ ቀረች፣ ትልቋ። ለማኅበሩ ቀን ተብላ ታጥና ራስጌያቸው ተቀመጠች።

የማኅበሩ ዕለት ወይዘሮ ፀዳለ የእህታቸውን ልጅ ዓመለወርቅን ለሥራ አስጠሩ። ዓመለወርቅ ፈጣን ናት፣ እጇ ከአፏ ይቀድማል፣ አፏም ከሐሳቧ ይቀድማል። አሳየሽ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ስትመለስ ሴቶቹ ገብተው ተቀምጠዋል፤ ነጭ ለብሰው፣ እግራቸውን ከጭቃው ጠራርገው። አባ ገብረአማኑኤል መስቀላቸውን ይዘው ከላይ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ፀዳለ መሀል ናቸው፣ ፊታቸው ግን ልክ አይደለም፣ ጉልበታቸውን ገጥመው ተቀምጠዋል።

ጓዳ ስትገባ ዓመለወርቅ ጠጁን አጥልላ ጨርሳለች። ጽዋው ሞልቷል። የጋኑ አፍ ላይ ማጥለያው ገና ተወጥሯል።

«ማጥለያው እርጥብ ነው ብዬሽ አልነበር?» አለች አሳየሽ። «ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከአክስቴ ራስጌ ነዋ! አየሽ ስስቷን? እንዲህ ያለ ነጭ ማጥለያ፣ በወይራ ታጥኖ፣ ተጣጥፎ ደብቃ! ለእኛ ያቺን ብጫቂ ትሰጠናለች።» ዓመለወርቅ ጣቷን ጠጁ ውስጥ ነክራ ላሰችው። «ቀምሼዋለሁ፣ እንዲህ ያለ ጠጅ አልቀመስኩም። ወይራው እኮ ገባበት!»

አሳየሽ ጨርቁን አየችው። መሀሉ ላይ በእንዶድም በአመድም እምቢ ያለ፣ ክብ፣ ፈዘዝ ያለ ምልክት አለ። ወንዝ ላይ ስንቴ ስታሸው ኖራለች። ያ ክብ አሁን በጠጅ ርሶ አብጧል። ከሥሩ ጠብ፣ ጠብ ይላል፣ ወደ ጋኑ። ምራቋ አፏን ሞላው። በእጇ አፏን ያዘች።

«ምን ሆንሽ፣ አረገዝሽ እንዴ?» አለች ዓመለወርቅ። ጽዋውን አንስታ ይዛው ወጣች።

አሳየሽ ተከትላት ወጣችና በአማቷ ጀርባ ተንበርክካ ጆሯቸው ላይ አንሾካሾከች። «እሜቴ፣ ጠጁ በዚያ ተጣርቷል። ራስጌዎ በነበረው።»

ወይዘሮ ፀዳለ አንገታቸው ደረቀ። «እኔ ባጣው ጊዜ አንቺ የወሰድሽው መስሎኝ ሳልታጠቅ ተቀመጥኩ…» አሉ በቀስታ። ቀጥለው፣ «ታጥቦ የለም?» አሉ።

«ታጥቧል።»

«ታጥኗል?»

«ታጥኗል፣ ግን…»

«እንግዲያው ማንም አይሞትም። ዝም በይ።»

«እሜቴ፣ የእመቤታችን ጽዋ ነው እኮ!»

«ምለሽልኛል። በስሟ ምለሽልኛል። ዝም በይ!»

አሳየሽ ያን ማሰሮ ስትከፍት፣ ዝንቡ ፊቷ ላይ ሲወጣ እንኳ እንዲህ አላስጠላትም። ሽንት ነው፣ የሰው ሥጋ ነው፣ ምን ይደረግ። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። እንስራ በጣታቸው የሚዳብሱ ሴት፣ ለራሳቸው ክብር ብለው ቄስ ሊያጠጡ ነው። የአማቷን ነጭ ነጠላ አየችና መንካት ቀፈፋት።

አባ ገብረአማኑኤል ተነሱ። ሁሉም ተነሡ። መስቀላቸውን ወደ ጽዋው ዘረጉ።

«አባ፣ አይባርኩት!» አለች አሳየሽ።

አባ መስቀላቸውን ከጽዋው መለስ አደረጉ።

«ለምን ልጄ?»

ማለች። በስሟ ማለች። መሐላውን ብታፈርስ ወዮላት፣ ዝም ብትል ደግሞ ወዮላት። «አይጥ… አይጥ ገብቶበታል» አለች። «ጋኑን በደንብ አልከደንኩትም። የኔ ጥፋት ነው።»

ወይዘሮ ሳህሊቱ ከጎን ሆነው ጭኖቻቸውን መቱ። ሳህሊቱ ማለት በማኅበሩ አንደበተ ረዥሟ ናቸው። «ወይ ጉድ! እኔ አልተናገርኩም? እንሰት ፋቂ ጋን ላይ ስትሾም ይሄው ነው። እትዬ ፀዳለ፣ ይቺን ልጅ ከጓዳሽ አውጫት ብዬሽ አልነበር? አይጥ አጠጥታ ልትገድለን! አባቷ ቤት አይጥ ወጥ ነው እንዴ?»

አንዳንዶቹ ሳቁ። አሳየሽ መሬት መሬት ታያለች። አባቷን ሲያነሱባት ጆሮዋ ጋለ፣ ግን አልመለሰችም።

«አባ፣ ቀድሞውንም ይቺ ልጅ…» ብለው ሳህሊቱ ሊቀጥሉ ሲሉ፣ «በቃ!» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ።

«አይጥ የለም» አሉ። «ልጅቷ ለእኔ ብላ ነው። አይጧ እኔ ነኝ። ጠጁ የተጣራበት ጨርቅ የኔ…»

አልጨረሱትም። ሲጮኹ ነው መሰለኝ፣ ሰውነታቸው ቀደማቸው። ቀሚሳቸው ከፊት ለፊቱ ጠቆረ። መጀመሪያ ድምፁ ተሰማ፣ የተነጠፈው ቄጠማ ላይ ሲወርድ፣ ከዚያ ሽታው መጣ። እየፈሰሰ በቄጠማው መሀል ወደ አባ እግር ሄደ።

ከእንግዲህ የሚነገር አልቀረም፤ ሁሉም ገባው። ወይዘሮ ሳህሊቱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መደቡ ላይ ወጡ፣ እንደ ዶሮ። አንዷ በነጠላዋ አፍንጫዋን ያዘች። አባም ቢሆኑ፣ ቄስ ናቸው ብዬ አልዋሽሽም፣ እግራቸውን ቶሎ ነው የሰበሰቡት፣ ፊታቸውም ተጨማደደ። ዓመለወርቅ ብቻ ትንሽ ዘግይቶ ገባት። ጣቷን አየች፣ ጽዋውን አየች፣ «ልሼዋለሁ! እናቴን፣ ልሼዋለሁ!» እያለች ወደ ውጭ ሮጠች፤ ስታስመልስ በቤቱ ውስጥ ላሉት ለሁሉም ይሰማ ነበር ይባላል።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጠጁን ድፉት» አሉ። «ለወይዘሮዋ ደረቅ ልብስ አምጡ። ልጄ፣ አንቺ ንጹሕ ውሃ ቅጂልን፣ ዛሬ በውሃ እንባርካለን።»

በውሃ ተባረከ። ዳቦው ግን ከመሶቡ እምብዛም አልጎደለም።

ሲወጡ ወይዘሮ ሳህሊቱ በር ላይ ቆመው በማር ድምፅ ተናገሩ። «እትዬ ፀዳለ ደክሟታል። ከእንግዲህ ቤቷ ሆና ትጸልይ። ድርሻዋን ዳቦ በየወሩ እንልክላታለን።» ሴቶቹ «ይሻላል፣ ይሻላል» አሉ። ዳቦ የሚላከው ለአልጋ ቁራኛ ነው፣ እህቴ። ዳቦ ተላከልሽ ማለት ከሰው ወጣሽ ማለት ነው።

ወይዘሮ ፀዳለ ተኙ። አይበሉም። እንዳይፈስባቸው ብለው ውሃም አይጠጡም፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ። አሳየሽ ወንዝ ትወርዳለች፣ ታጥባለች፣ ያቅለሸልሻታል፣ ትመለሳለች። ለብዙ ቀን አላናገረቻቸውም፤ ያ «ዝም በይ» የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣ ብሏታል።

የነሐሴ ማርያም ዕለት ግን ታጥቦ የደረቀ መታጠቂያ ይዛ ገባች። የእንሰቱ ቅጠል ገና ሞቅ እንዳለ ነው።

«ተነሡ እሜቴ።»

«የት?»

«ማኅበር። ወይዘሮ ሳህሊቱ ቤት ነው።»

«አብደሻል? ስሸታቸው እንዲሸሹኝ?»

«ይሸታል» አለች አሳየሽ። «እኔንም ይሸተኛል። ዛሬ ጠዋትም አስመልሶኛል። ዳቦ እስኪላክልዎ ሊጠብቁ ነው? ቢላክ እኔ አልቀበልም፣ እመልሰዋለሁ። ቂጥዎን ያንሡ፣ ላስርልዎ።»

ወይዘሮ ፀዳለ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ባለጌ» አሉ። ከዚያ ቂጣቸውን አነሱ።

ሳህሊቱ ቤት ሲገቡ ጨዋታው ቆመ። ማንም ውጡ አላለም፤ አባ ተቀምጠዋላ። ግን ወይዘሮ ፀዳለ ምንጣፉ ላይ ሲቀመጡ በቀኝ ያለችው ሴት ወደዚያ ሸሸች፣ በግራ ያለችውም ወደዚህ ሸሸች። እሳቸው መሀል ላይ ብቻቸውን ቀሩ፣ እንደ ተጣለ ዕቃ።

አሳየሽ በሩ ላይ ቆማ አየች። ገባችና ከጎናቸው ቁጭ አለች።

«አንቺ ደግሞ የማኅበሩ ነሽ?» አሉ ሳህሊቱ።

«አይደለሁም። ክፍት ቦታ አይቼ ነው» አለች አሳየሽ።

ተጸለየ። ጽዋው ተባረከ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። ወይዘሮ ፀዳለ ዘንድ ደረሰ። በሁለት እጃቸው ይዘው ተጎነጩ፣ ከአገጫቸው ላይ ትንሽ ጠብ አለ። ከሳቸው በኋላ ማን ሊቀበል ነው? ሴቶቹ ሁሉ ጽዋውን ያያሉ፣ ማንም እጁን አልዘረጋም። አሳየሽ ተቀበለች። ከቅርብ ሆና ታያለች፣ ትጥቁ ሞቋል፣ ሽታው በወይራው መሀል ሽው ይላል፣ የጽዋው ከንፈር በአማቷ ምራቅ ርሷል። ዓይኗን ጨፍና «እመብርሃን» አለችና ዋጠችው። ከዚያ ጽዋውን በቀኟ ላለችው፣ ለሸሸችው ሴትዮ ዘረጋችላት። ሴትዮዋ አሳየሽን አየች፣ አባን አየች። ጽዋውን ለመቀበል የግድ አንድ ክንድ ያህል መጠጋት ነበረባት።

ተጠጋች።

ዳቦ ወደ ወይዘሮ ፀዳለ ቤት አልተላከም። እስኪሞቱ ድረስ ወር በወር ከማኅበሩ አልቀሩም። አንዳንዴ ይፈስባቸዋል፣ አንዳንዴ አይፈስባቸውም። አሳየሽም እስከ መጨረሻው ቀን ወንዝ ላይ እንዳቅለሸለሻት ነው፤ ወደድኩት ብላ አታውቅም፣ ማንም ወደደችው ብሎ እንዲያወራላትም አትፈልግ።

እንግዲህ እህቴ፣ በቤተ ክርስቲያንም በለቅሶም በማኅበርም እንዲህ ያለች እናት አጠገብሽ ስትቀመጥ ታውቂያታለሽ። እባክሽን፣ ጠጋ ብለሽ ተቀመጪ።